የመጋዘንና የትእዛዝ ማድረስ ሥራን በውል ለሌላ ወገን መስጠት፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ አነስተኛ ነጋዴዎችና አምራቾች የተዘጋጀ መረጃ

በደሴና በኮምቦልቻ ከተሞች በአነስተኛ ንግድና በምርት ሥራ የተሰማሩ ብዙ ዜጎች ዕቃቸውን የሚያስቀምጡት ከሱቃቸው ጀርባ፣ በመኖሪያ ቤታቸው አንድ ክፍል ውስጥ ወይም ከሌሎች ጋር በተከራዩት ጠባብ ክፍል ነው። ሥራው አነስተኛ በሆነበት ጊዜ ይህ አሠራር ወጪ ይቆጥባል። የደንበኛው ቁጥር ሲጨምርና ትእዛዝ ከሌላ ከተማ በስልክ መምጣት ሲጀምር ግን ባለቤቱ ከማምረትና ከመሸጥ ይልቅ ዕቃ በመፈለግ፣ በመጠቅለልና መናኸሪያ ድረስ በመመላለስ ጊዜውን ያጠፋል።

ይህ ጽሑፍ ዕቃ የማስቀመጥ፣ የማሸግና ለደንበኛ የማድረስ ሥራን በውል ለሌላ አገልግሎት ሰጪ መስጠት ምን ጥቅም እንዳለው፣ ለማን እንደሚስማማ፣ ምን ስጋት እንደሚያስከትልና ከመዋዋል በፊት ምን መጣራት እንዳለበት ያስረዳል።

አገልግሎቱ ምንድን ነው?

በዚህ አሠራር ዕቃው የነጋዴው ወይም የአምራቹ ንብረት ሆኖ ይቆያል። አገልግሎት ሰጪው ዕቃውን አይገዛም፤ በአደራ ይረከባል፣ ይጠብቃል፣ በባለቤቱ ትእዛዝም ያወጣል። ሥራው በተሟላ መልኩ ሲከናወን የሚከተሉት ደረጃዎች አሉት።

1. ርክክብ፦ ዕቃው ተቆጥሮና ጥራቱ ታይቶ የገቢ ደረሰኝ ይቆረጣል።
2. ማስቀመጥ፦ እያንዳንዱ ዓይነት የራሱ ቦታና የቆጠራ ካርድ (ቢን ካርድ) ይኖረዋል።
3. ትእዛዝ መቀበል፦ ባለቤቱ የደንበኛውን ስም፣ ስልክ፣ የመድረሻ ምልክትና የዕቃውን ዝርዝር ያስተላልፋል።
4. ማሰባሰብና ማሸግ፦ የታዘዘው ዕቃ ከመደርደሪያ ወጥቶ ይመረመራል፣ ይታሸጋል።
5. መላክ፦ ዕቃው ለአጓጓዡ በወጪ ደረሰኝ ይሰጣል።
6. ተመላሽ መቀበል፦ ደንበኛው ያልተረከበው ወይም የመለሰው ዕቃ ታይቶ ወደ ክምችት ይመለሳል ወይም በጉዳት ይመዘገባል።

በውጭ አገር ይህን አሠራር በስፋት ያስተዋወቀው አማዞን የተባለው የበይነ መረብ ግብይት ኩባንያ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ሌሎች ሻጮች ዕቃቸውን በእሱ መጋዘኖች አስቀምጠው በእሱ ሠራተኞች እንዲያስልኩ የሚያስችል አገልግሎት ጀምሯል። መሠረተ ሐሳቡ ግን ለአገራችን ነጋዴ እንግዳ አይደለም። አደራ ተቀባይ፣ የእህል መጋዘን አከራይ፣ ዕቃ ተቀብሎ በአውቶቡስና በጭነት መኪና የሚልክ ወኪል በየገበያው የቆየ ነው። አዲሱ ነገር እነዚህ የተበታተኑ ሥራዎች በአንድ ውል፣ በአንድ መዝገብና በአንድ ተጠያቂ ስር መዋላቸው ነው።

አራት የማይመሳሰሉ መጋዘኖች

በአካባቢው «መጋዘን» የሚለው ቃል ለተለያዩ ተቋማት ስለሚውል ተገልጋዮች ልዩነቱን ማወቅ ይኖርባቸዋል።

የኮምቦልቻ ደረቅ ወደብና ተርሚናል በኢትዮጵያ የባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሥር የሚተዳደር ሲሆን፣ ዋና ሥራው የገቢና የወጪ ንግድ ጭነትን መቀበልና ማስተናገድ ነው። የጉምሩክ መጋዘን በጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 መሠረት ቀረጥና ታክስ ያልተከፈለበት ዕቃ በቁጥጥር ስር የሚቆይበት ነው። በመጋዘን ደረሰኝ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 372/1996 የተቋቋመው አሠራር ደግሞ ፈቃድ ባለው መጋዘን ለገባ ምርት በሕግ የታወቀ፣ ሊተላለፍና በመያዣነት ሊውል የሚችል ደረሰኝ የሚሰጥበት ነው። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የሚገበያየውም በመጋዘን ደረሰኝ ነው።

አራተኛው የዚህ ጽሑፍ ርእሰ ጉዳይ የሆነው፣ በአገር ውስጥ ለገበያ የሚቀርብ ዕቃን በግል ውል ተቀብሎ የሚያስቀምጥና የሚልክ መጋዘን ነው። ከእንዲህ ዓይነቱ መጋዘን የሚሰጥ የገቢ ደረሰኝ የርክክብ ማስረጃ ነው እንጂ በአዋጅ ቁጥር 372/1996 የተመለከተው የመጋዘን ደረሰኝ አይደለም። ስለዚህ ደረሰኙን ለሦስተኛ ሰው በመስጠት ብቻ ዕቃውን መሸጥ ወይም ማስያዝ እንደሚቻል አድርጎ መቁጠር ለክርክር ይዳርጋል።

ስለ ደሴና ኮምቦልቻ ልዩ ሁኔታ

ሁለቱ ከተሞች የሚራራቁት በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ለማከማቻ የሚሰጡት ሁኔታ የተለያየ ነው። በጦሳ ተራራ ግርጌ የምትገኘው ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን፣ በቦርከና ወንዝ አካባቢ የምትገኘው ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በደሴ ብርዱ፣ ጉሙና የክረምቱ እርጥበት ቆዳን፣ የካርቶን ማሸጊያንና ቅመማ ቅመምን ለሻጋታ ያጋልጣሉ። በኮምቦልቻ ደግሞ ሙቀቱ ለቅባት፣ ለሻማ፣ ለመዋቢያ ዕቃና ለመሳሰሉት አይስማማም፤ እህልና ጥራጥሬም ለነቀዝ በቶሎ ይጋለጣል። ዕቃው የትኛውን አየር እንደሚችል ሳያጣሩ መጋዘን በኪራይ ዋጋ ብቻ መምረጥ ኪሳራ ያስከትላል።

በመንገድ ረገድ ኮምቦልቻ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ዋና መንገድ በባቲ በኩል ወደ ሚሌና ወደ ጅቡቲ ከሚወስደው መስመር ጋር የሚገናኝባት ናት። ጥሬ ዕቃ ከአዲስ አበባ ወይም ከወደብ ለሚያስመጣና ለአፋር፣ ለከሚሴና ለሸዋ ሮቢት ገበያ ለሚሸጥ ሰው ኮምቦልቻ ትቀርባለች። ገዢዎቹ በደሴ ከተማ፣ በሐይቅና በወልዲያ መስመር እንዲሁም በኩታበር፣ በአቀስታና በወረኢሉ አቅጣጫ ላሉ ግን ደሴ ትመረጣለች። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የሐረጎ ዳገት ለጭነት መኪና ጊዜና ነዳጅ የሚያስወጣ ስለሆነ፣ በስህተት ቦታ የተቀመጠ ዕቃ ሁለት ጊዜ ይጫናል፤ ሁለት ጊዜም ይከፈልበታል።

በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የከተማዋን የጭነት እንቅስቃሴ ከጨመሩት ተቋማት አንዱ ነው። ሆኖም የፓርኩ ሼዶች ለማምረቻ የተዘጋጁ በመሆናቸው አነስተኛ ነጋዴዎች የማከማቻ አገልግሎት መፈለግ ያለባቸው በከተማው ካሉ ፈቃድ ካላቸው ባለመጋዘኖችና አጓጓዦች ነው። የኢትዮጵያ ፖስታም በሁለቱ ከተሞች ባሉት ቅርንጫፎች ጥቅል ዕቃ ስለሚቀበል መጋዘን ሳይከራዩ የመላኩን ሥራ ብቻ በውል ለማሠራት ለሚፈልጉ ሊታይ የሚገባው አማራጭ ነው።

ዋና ዋና ጥቅሞች

*ቋሚ ወጪ ወደ ተለዋዋጭ ወጪ ይለወጣል።* የራሱን መጋዘን የሚከራይ ሰው ሽያጭ ቢኖርም ባይኖርም ኪራይና የጥበቃ ደመወዝ ይከፍላል። በአገልግሎት ውል ግን የሚከፈለው በተቀመጠው ዕቃና በወጣው ትእዛዝ ልክ ነው።

*የበዓል ወቅት ጫና ይቀላል።* በወሎ ገበያ ሽያጭ የሚጨምረው በረመዳንና በሁለቱ ዒዶች፣ በመስከረም፣ በገናና በፋሲካ ነው። የእስልምና በዓላት በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ስለሚመጡ ከፍተኛው ወቅት በአንድ ወር ተወስኖ አይቆይም። በመሆኑም ውሉ ተጨማሪ ቦታና ሠራተኛ የሚሰጥበትን ጊዜ ሲወስን በወር ስም ሳይሆን በበዓሉ ስም ቢጻፍ ይመረጣል።

*ቆጠራና መዝገብ ይስተካከላል።* ዕቃው በደረሰኝ ሲገባና በደረሰኝ ሲወጣ ባለቤቱ ምን እንደቀረው፣ የትኛው ዓይነት እንደማይሸጥና የት እንደጎደለ ያውቃል። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዕቃ በሞዴል 19 ገቢ፣ በሞዴል 22 ወጪ እንደሚሆነው ሁሉ በግል ሥራም የገቢና የወጪ ተከታታይ ቁጥር ያለው ሰነድ መኖሩ ለግብር፣ ለብድርና ለክርክር ጊዜ ይጠቅማል።

*ከተማ ሳይቀይሩ ሩቅ ገበያ መድረስ ይቻላል።* በደሴ የሚያመርት ሰው የተወሰነ ዕቃ በአዲስ አበባ ባለ መጋዘን ቢያስቀምጥ፣ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሚርቀው ደንበኛ ትእዛዙን በዚያው ቀን ማድረስ ይችላል።

*ለብድር መንገድ ይከፍታል።* በተንቀሳቃሽ ንብረት የዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት የንግድ ዕቃ ክምችት ለብድር ዋስትና ሊሆን ይችላል። አበዳሪው ተቋም የሚጠይቀው የመጀመሪያው ነገር ዕቃው መኖሩንና መጠኑን የሚያሳይ የታመነ መዝገብ ነው።

ወጪውን እንዴት ማስላት ይገባል?

ከዚህ በታች ያሉት አኃዞች ስሌቱን ለማሳየት ብቻ የቀረቡ ናቸው፤ የገበያ ዋጋን አያመለክቱም።

በደሴ የሚገኝ አንድ የሳሙና አምራች ለመጋዘን ኪራይ በወር 12,000 ብር፣ ለጥበቃ 6,000 ብር፣ ለአውራጅና ጫኝ 2,000 ብር፣ በድምሩ 20,000 ብር ያወጣል እንበል። በኮምቦልቻ ያለ ባለመጋዘን ደግሞ ለአንድ ካርቶን በወር 15 ብር፣ ለአንድ ትእዛዝ ማሸጊያና ማውጫ 25 ብር ይጠይቃል፤ ዕቃውን ከደሴ ለማድረስ በአንድ ጉዞ 1,000 ብር ይወጣል።

በመካከለኛ ወር 300 ካርቶን ተቀምጦ 200 ትእዛዝ ቢወጣና አራት ጉዞ ቢደረግ፣ 4,500፣ 5,000 እና 4,000 ብር ተደምሮ 13,500 ብር ይሆናል። ከራስ መጋዘን ጋር ሲነጻጸር 6,500 ብር ይተርፋል። በበዓል ወር 700 ካርቶን፣ 400 ትእዛዝና ስድስት ጉዞ ቢኖር፣ 10,500፣ 10,000 እና 6,000 ብር ተደምሮ 26,500 ብር ስለሚመጣ በተመሳሳይ መጠን ይበልጣል። ሽያጭ በቀዘቀዘበት ወር 100 ካርቶን፣ 60 ትእዛዝና አንድ ጉዞ ብቻ ቢኖር ወጪው 4,000 ብር ነው።

በዓመት ውስጥ አምስት መካከለኛ፣ ሁለት የበዓልና አምስት ቀዝቃዛ ወራት ቢኖሩ የውጭ አገልግሎቱ 140,500 ብር፣ የራስ መጋዘኑ 240,000 ብር ይፈጃል። ወራቱ ሁሉ እንደ በዓሉ ወር ቢሆኑ ግን የራስ መጋዘን ይረክሳል። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ውሳኔው በአንድ ወር ሒሳብ ሳይሆን በዓመቱ አጠቃላይ ሒሳብ መመሥረት እንዳለበት ነው። የመድን ዓረቦን፣ የማሸጊያ ዋጋና የተመላሽ ዕቃ ክፍያም በስሌቱ ሊካተቱ ይገባል።

ለማን አይስማማም?

በወር ጥቂት ትእዛዝ ብቻ ያለው፣ ለእያንዳንዱ ደንበኛ በልክ የሚሠራ የልብስ ስፌት ወይም የእንጨት ሥራ ባለሙያ፣ በአንድና በሁለት ቀን የሚበላሽ ምግብ የሚያዘጋጅ፣ እንዲሁም እንደ ወርቅና ብር ጌጥ ያለ አነስተኛ መጠንና ከፍተኛ ዋጋ ያለው ዕቃ የሚሸጥ ሰው ከዚህ አሠራር የሚያገኘው ጥቅም አነስተኛ ነው። ደንበኛው ዕቃውን ዳስሶና መርጦ የሚገዛው ከሆነም ዕቃው ከሱቁ መራቅ የለበትም።

ስጋቱና ጥንቃቄው

በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ሁለቱም ከተሞች በጦርነት ውስጥ በነበሩበት ጊዜ ሱቆች፣ ፋብሪካዎችና መጋዘኖች ተዘርፈዋል። በኮምቦልቻ የነበረው የዓለም ምግብ ፕሮግራም የእርዳታ እህል መጋዘንም በመዘረፉ ድርጅቱ በሁለቱ ከተሞች ያደርገው የነበረውን ስርጭት ለጊዜው አቋርጦ ነበር። ብዙ ዓመት የተለፋበት ንብረት በቀናት ውስጥ የጠፋባቸው ነጋዴዎች ጥቂት አልነበሩም። ከዚህ ልምድ ሦስት ነገሮች ይወሰዳሉ።

አንደኛ፣ ክምችትን በደሴና በኮምቦልቻ ከፍሎ ማስቀመጥ ከእሳት፣ ከጎርፍና ከስርቆት ይከላከላል፤ አካባቢውን በሙሉ ከሚነካ አደጋ ግን አይከላከልም። አቅም ያለው ሰው የተወሰነውን ክፍል ራቅ ባለ ሦስተኛ ቦታ ቢያስቀምጥ ይመከራል።

ሁለተኛ፣ መደበኛ የእሳትና የስርቆት መድን የጦርነትና የሕዝባዊ ሁከት ጉዳትን በአብዛኛው አይሸፍንም። የባለመጋዘኑ መድንም የእርሱን ሕንጻ እንጂ የአስቀማጩን ዕቃ ላይሸፍን ይችላል። ስለዚህ የመድን ውሉን አንብቦ ዕቃው በማን ስም፣ በምን ያህል ዋጋና ለየትኛው አደጋ እንደተሸፈነ፣ ተጨማሪ ሽፋን መግዛት ይቻል እንደሆነም መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ ዕቃው ሲጠፋ ሰነዱ አብሮ ከጠፋ የባለቤትነት ማስረጃ አይቀርም። የገቢና የወጪ ደረሰኞች፣ የግዢ ፋክቱሮችና የመድን ውል ቅጂ ከመጋዘኑ ውጭ፣ ቢቻልም በስልክ ፎቶ ተነሥተው በሌላ ከተማ ባለ ታማኝ ሰው ዘንድ ሊቀመጡ ይገባል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክትና ሰነድ ሕጋዊ ዕውቅና ስለሰጠ በመልእክት የተላኩ ትእዛዞችንና የርክክብ ማረጋገጫዎችን ማጥፋት ተገቢ አይደለም።

በውሉ ውስጥ መካተት ያለባቸው ነጥቦች

ስለ አደራና ስለ መጋዘን ውል በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ድንጋጌዎች አሉት። ሆኖም ክርክር የሚቀንሰው ዝርዝሩ በውሉ በግልጽ ሲጻፍ ነው። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በተዋዋዮቹና በሁለት ምስክሮች ይፈረም፤ የሚከተሉትንም ይያዝ።

* የዕቃው ዓይነት፣ መለኪያ፣ የአንዱ ዋጋና የመበላሻ ቀን፤
* የማስቀመጫ፣ የማሸጊያ፣ የመላኪያና የተመላሽ ክፍያ ለየብቻ፣ ዋጋ የሚሻሻልበት ሁኔታና የቅድሚያ ማስታወቂያ ጊዜ፤
* ዕቃ ቢጎድል፣ ቢሰበር ወይም ቢረጥብ ኃላፊው ማን እንደሆነና ካሣው በግዢ ዋጋ ወይም በመሸጫ ዋጋ እንደሚሰላ፤
* እንደ በርበሬ ላሉ በመድረቅ ክብደት ለሚቀንሱ ዕቃዎች የሚፈቀደው የጉድለት መጠን፤
* ቀድሞ የገባው ቀድሞ እንደሚወጣ፣ የመበላሻ ቀን ባለው ዕቃ ላይ ደግሞ ቀኑ የቀረበው እንደሚቀድም፤
* በወር አንድ ጊዜ የጋራ ቆጠራ እንደሚደረግና ባለቤቱ ያለ ቀጠሮ ገብቶ የማየት መብት እንዳለው፤
* አጓጓዡ ከደንበኛው ገንዘብ የሚቀበል ከሆነ በስንት ቀን ውስጥ ለባለቤቱ ገቢ እንደሚያደርግ፤ በተቻለ መጠን ክፍያው በቴሌብር ወይም በባንክ በቀጥታ ለባለቤቱ ቢደርስ ይመረጣል፤
* ውሉ ሲቋረጥ ዕቃው በስንት ቀን እንደሚመለስና ያልተከፈለ ሒሳብ ካለ ባለመጋዘኑ ምን ያህሉን ዕቃ ይዞ መቆየት እንደሚችል።

በከተሞቻችን የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ለማድረስ በቂ ስላልሆነ የትእዛዝ ቅጹ የደንበኛውን ሁለት ስልክ ቁጥርና የታወቀ ምልክት መያዝ አለበት። «ፒያሳ» ብሎ ብቻ የተጻፈ ትእዛዝ ዕቃውን ሳያደርስ የአጓጓዡን ክፍያ ያስወጣል።

ፈቃድና ቁጥጥር

ማንኛውም ተገልጋይ ከመዋዋሉ በፊት የአገልግሎት ሰጪውን የንግድ ምዝገባና የታደሰ የንግድ ሥራ ፈቃድ ማየት ይኖርበታል። በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት ፈቃዱ ለሚሠራው ሥራ ዘርፍ የተሰጠ መሆን አለበት፤ ለችርቻሮ ንግድ የተሰጠ ፈቃድ ለመጋዘን አገልግሎት አይሆንም።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ከመደበኛው የንግድ አሠራር ውጪ ዕቃ ማከማቸትንና መደበቅን ይከለክላል። በተለይ ዘይት፣ ስኳር፣ ዱቄትና የመሳሰሉት መሠረታዊ ሸቀጦች በሌላ ሰው መጋዘን ሲቀመጡ የማን እንደሆኑ፣ ከየት እንደተገዙና መቼ እንደገቡ የሚያሳይ ሰነድ በቦታው ሊኖር ይገባል። ሰነድ የሌለው ዕቃ በቁጥጥር ወቅት ባለቤቱንም ባለመጋዘኑንም ተጠያቂ ሊያደርግ ይችላል። ዕቃ ከሱቅ ውጭ በሌላ ቦታ የሚያስቀምጥ ግብር ከፋይም ቦታውን ለከተማው ንግድና ገበያ ልማት እና ለገቢዎች ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ ቢያሳውቅ ከአላስፈላጊ እንግልት ይድናል። ለአገልግሎቱ የሚከፈለው ገንዘብ በሕጋዊ ደረሰኝ መሆን አለበት፤ ደረሰኝ የሌለው ክፍያ በወጪነት አይያዝም።

አጀማመር

አገልግሎቱን ለመጀመር የሚፈልግ ዜጋ በቅድሚያ ያለፉትን ሦስት ወራት ትእዛዝ፣ የላከባቸውን ቦታዎችና ያወጣውን ወጪ ይመዝግብ። ቀጥሎ ቢያንስ ከሁለት አገልግሎት ሰጪዎች የዋጋ ዝርዝር ይጠይቅ፤ መጋዘኑንም በአካል ሄዶ ይመልከት። ጣሪያው እንደማያፈስ፣ ዕቃው ከወለል ከፍ ብሎ በርብራብ ላይ እንደሚቀመጥ፣ የእሳት ማጥፊያ እንዳለና የሌሎች አስቀማጮች ዕቃ ተለይቶ እንደሚያዝ ያረጋግጥ። ከዚያም ዕቃውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሳያዛውር በቶሎ የሚሸጠውን አንድ ወይም ሁለት ዓይነት ለሦስት ወር ለሙከራ ያስገባ። በሙከራው ጊዜ የጎደለ ዕቃ፣ በስህተት የተላከ ትእዛዝና የዘገየ ርክክብ እየተመዘገበ ቢቆይ ውሉን ለማስፋት ወይም ለማቋረጥ በቂ መነሻ ይሆናል።

ብቻቸውን በቂ መጠን የሌላቸው አምራቾች በማኅበር ሆነው በአንድ ውል መጠቀም ይችላሉ። በዚህ ጊዜ የእያንዳንዱ አባል ዕቃ በተለየ ካርድ መመዝገብ አለበት። ስለ መደራጀት፣ ስለ መሥሪያ ቦታና ስለ ሥልጠና በየከተማ አስተዳደሩ ሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት፣ ስለ ንግድ ፈቃድና ስለ ቅሬታ ደግሞ በንግድና ገበያ ልማት ጽሕፈት ቤት በአካል ቀርቦ መረጃ ማግኘት ይቻላል። ከውል አፈጻጸም የሚነሣ ክርክር በስምምነት ወይም በሽምግልና ካልተፈታ ለፍርድ ቤት ይቀርባል፤ በሁሉም መንገድ ወሳኝ የሚሆኑት የተፈረመው ውልና በየዕለቱ የተያዙት ደረሰኞች ናቸው።